ቁልቁል የሚፈስ ትንፋሽ

በሁለት ሺህ ሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ መስከረም በገባ በአሥራ ሰባተኛው ቀን፣ የሾቃ ሸለቆ ደን ለሦስተኛ ተከታታይ ዓመት «ለቃቂ» ተብሎ በሬዲዮ ተነገረ። ዜናው እንደ ወትሮው ከአየር ጠባዩ ቀጥሎ ተነበበ። አንባቢዋ የአገሪቱን ደኖች ከሰሜን ወደ ደቡብ አንድ በአንድ ትጠራለች። የተቃጠለ አየር ከሰማይ የሚወስደውን ደን «ሳቢ»፣ ወደ ሰማይ የሚመልሰውን «ለቃቂ» ትላለች። ሾቃ ላይ ስትደርስ ድምጿ አልተለወጠም። «ሾቃ፣ ለቃቂ» አለችና ወደሚቀጥለው አለፈች።

ፀዳለ ገቶ ይህን የሰማችው በማማዋ ጫፍ፣ ከመሬት አርባ አምስት ሜትር ከፍታ ላይ፣ ወገቧ በቀበቶ ከብረቱ ጋር ታስሮ የመለኪያውን መስታወት በለስላሳ ጨርቅ ስትወለውል ነው። የማማ ጠባቂ ከሆነች አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። በየቀኑ ትወጣለች፣ ጤዛውን ትጠርጋለች፣ ሸረሪት ያደራውን ድር ታነሳለች፣ ትወርዳለች። ቁጥሩን የምታነበው እሷ አይደለችም፤ ደኑን በስሌት ሳቢ ወይም ለቃቂ ወደሚለው ቀመር ማዕከል በቀጥታ ይሄዳል። የአንድ ሰው ትንፋሽ ቁጥሩን ስለሚያበላሽ መለኪያው አጠገብ ስትደርስ ትንፋሿን ትይዛለች። ከጊዜ ብዛት ልማድ ሆኖባት፣ ሰው ቤት ገብታ እንኳ የተኛ ሕፃን ወይም የታመመ ሰው አጠገብ ስትቆም ሳታስበው ትንፋሿን ትይዝ ነበር።

በሸለቆው የሚኖሩት ሁለት መቶ ያህል አባወራዎችም ሕይወታቸው በማማው የተቃኘ ነው። ጠዋት ከአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል እስከ አንድ ሰዓት የጸጥታ ሰዓት ነው። እሳት አይነድም፣ ሞተር አይነሣም፣ ከብት ከበረት አይወጣም። ንብ አናቢዎች ጭሳቸውን ከሰዓት በኋላ ድረስ ያቆያሉ። ሰው የሞተ እንደሆነ ለቀስተኛው ከማማው አራት መቶ ሜትር ርቆ ይቆማል፤ ብዙ ሰው ባንድነት ሲያለቅስ ቁጥሩ ላይ ይታያል። ይህ ለማንም እንግዳ ነገር አልነበረም። ከዚህ በፊት እንዴት ይኖር እንደነበር የሚያስታውሱት ጥቂት ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው፤ እነሱም አያወሩትም።

ሦስት ዓመት በተከታታይ ለቃቂ የተባለ ደን «እድሳት» ይደረግለታል። ቃሉ ጥሩ ቃል ነው። ትርጉሙ ግን አሮጌው ደን ይቆረጣል፣ ቶሎ የሚያድግ ዛፍ ይተከልበታል፣ ነዋሪዎቹም ይነሣሉ ማለት ነው። ለሾቃ የተሰጠው ቀነ ገደብ ሠላሳ ቀን ነበር።

በአራተኛው ቀን ከቀመር ማዕከል ዶክተር አንዋር መጣ። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ጫማው ለጭቃ ያልተሠራ። ደን ከመታደሱ በፊት መለኪያው ደህና መሆኑን አይቶ መፈረም የእሱ ሥራ ነበር። ሙሉ ቀን መረመረው።

«ይሠራል» አለ በመጨረሻ ወደ ፀዳለ ዞሮ። «በአገሪቱ ካሉት ሁሉ በንጽሕና የተያዘው ይሄ ነው። ጉድለት ባገኝበት ደስ ይለኝ ነበር፣ እትዬ ፀዳለ። እውነቴን ነው።»

«ዶክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ድሩን አይተውታል?»

«የምን ድር?»

«የሸረሪቱን። ይሄ ማማ ሁለት መለኪያ አለው፤ አንዱ ከዛፎቹ በላይ፣ አንዱ ከታች ከጉልበት ከፍ ብሎ። ላይኛው ላይ የማገኘው ድር እንደነፈሰው ነው፣ አንድ ቀን ወዲህ፣ አንድ ቀን ወዲያ። የታችኛው ግን በየጠዋቱ ወደ አንድ ወገን ተለጥጦ ነው የማገኘው። ወደ ቁልቁለቱ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ወደ ዳገቱ ተለጥጦ አላየሁም።»

«ቀመሩ ንፋስን ያሰላል፣ እትዬ።»

«ንፋስ አይደለም። ንፋስ ቢሆን ቅጠል ያንቀሳቅስ ነበር። ይሄ ይፈሳል።»

ዶክተር አንዋር ወረቀቱን አውጥቶ ነበር። እስክሪብቶውን ከፈተ፣ ወረቀቱን ተመለከተ፣ መልሶ ከደነው። «ነገ ጠዋት ያሳዩኝ» አለ።

ጎህ ሲቀድ ሁለቱ ማማው ላይ ነበሩ። ሸለቆው ጸጥ ብሏል። አንድም ቅጠል አይንቀሳቀስም። ፀዳለ ከታች፣ በዛፎቹ ግንድ መካከል፣ ከሱፍ ፈትላ ያንጠለጠለቻቸውን ረጃጅም ክሮች አሳየችው፤ አንድ መቶ ያህል ናቸው። ሁሉም ባንድነት ወደ ወንዙ ያጋደሉ ነበር። ከዚያ ብርሃኑ ትንሽ ሲገልጥ ጉሙ ታየ። ጉም ሁልጊዜ በሸለቆው አለ፤ አንዋርም ከመንገድ ላይ አይቶት ነበር። ከላይ ሆኖ ግን አይቶት አያውቅም። ከሸለቆው በላይ ካለው አምባ አፋፍ ጀምሮ እየተጠማዘዘ፣ ግንዶቹን እየከበበ፣ በቋጥኞቹ ላይ እየተተረተረና መልሶ እየተጋጠመ ይወርዳል። ገባር አለው። ፏፏቴ አለው። ስፋቱ ከታች ካለው ወንዝ ሃያ እጥፍ ይሆናል፤ ድምፅ ግን የለውም።

 አንዋር ቀበቶውን ይዞ ወደ ታች ጎንበስ አለና «ይሄ ሁሉ በዚህ ማማ እግር ሥር ነው የሚያልፈው» አለ፤ ለራሱ የሚናገር ይመስል ነበር። «እኛ የአንድ ደን ትንፋሽ የለካን መስሎን ነበር። የለካነው የተራራውን ሁሉ ነው።»

«ከየት ነው የሚመጣው?» አለች ፀዳለ።

«አላውቅም። ሄደን እናያለን።»

ሦስት ጠዋት የጉሙን ወንዝ ሽቅብ ተከተሉት። አንዋር የእጅ መለኪያ ይዟል፤ ፀዳለ መንገዱን ታውቃለች። በዚያ ዘመን ንጹሕ በሚባለው አየር ውስጥ የተቃጠለው ከሚሊዮን እጅ አምስት መቶ አርባ ነበር። ማማው ሥር ጎህ ላይ ዘጠኝ መቶ አሥር አነበቡ። አንድ ሰዓት ሽቅብ ከሄዱ በኋላ አንድ ሺህ ሃምሳ ሆነ። ደኑ ነው የሚለቀው ከተባለ፣ ሽቅብ በሄዱና ከበላያቸው የቀረው ደን ባነሰ ቁጥር መቀነስ ነበረበት። እሱ ግን ጨመረ።

በሁለተኛው ጠዋት፣ ትልልቆቹ ዛፎች ያሉበት ደርሰው ለዕረፍት ተቀምጠው ሳለ ፀሐይ ወጣች። አንዋር መለኪያውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦት ነበር። ፀዳለ ጎንበስ ብላ አየችው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሥራዋ ቁጥር ሲንቀሳቀስ በዓይኗ ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። አንድ ሺህ። ዘጠኝ መቶ ስድሳ። ብርሃኑ ከዛፎቹ ጫፍ ወደ መካከላቸው ሲወርድ፣ ስምንት መቶ። ሰባት መቶ አርባ። ምንም የሚሰማ ነገር አልነበረም፤ ወፎች እንኳ ገና አልጀመሩም። ስድስት መቶ። አምስት መቶ ሰማንያ። ከንጹሕ አየር በታች ወረደ፤ አሁንም አልቆመም። አራት መቶ ዘጠና አምስት ላይ ሲደርስ ፀዳለ ትንፋሿን ይዛ እንደነበር ታወቃት፤ ለቀቀችው። ቁጥሩ በእሷ ምክንያት በሁለት ከፍ አለ፤ ከዚያ ዛፎቹ ያንንም ወሰዱት።

«የእኔን ወሰዱት» አለች።

አንዋር መለኪያውን አጥፍቶ አበራው። ተበላሽቶ እንደሆነ ሊያረጋግጥ ፈልጎ ነበር። አልተበላሸም። «በቢሮዬ ግድግዳ ላይ የእንዲህ ያለ ጠዋት ቁጥር በመስመር ተስሏል» አለ። «በየቀኑ አየዋለሁ። ቁልቁል የሚወርድ መስመር ነው። ይሄን እንደሚመስል ማንም አልነገረኝም።»

በሦስተኛው ጠዋት የሸለቆው አፋፍ ላይ ወጡ። ከዚያ ወዲያ የመንበሪ አምባ ነው፤ ሜዳ፣ በሜዳውም ላይ በመስመር የተተከለ የተዳቀለ ባሕር ዛፍ፣ ዓይን እስከሚደርስበት። መንበሪ በሬዲዮ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳቢ ተብሏል። በትምህርት ቤት መጻሕፍት ሥዕሉ አለ። የእርሻው ኃላፊ አቶ ወልደሰንበት ገቶ ናቸው፤ የፀዳለ ታላቅ ወንድም።

ዛፎቹ ያማሩ ነበሩ። ነገር ግን ሁሉም በሥሮቻቸው ላይ እንደ በርጩማ ቆመዋል፤ መሬቱ ከእግራቸው ሥር አንድ ክንድ ተኩል ሸሽቷል። በየመስመሩ መካከል ውሃ ማፍሰሻ ቦይ አለ። ቦዮቹ ሁሉ ወደ ሾቃ አፋፍ ይሄዳሉ። አንዋር አንደኛው ቦይ ውስጥ ወርዶ መለኪያውን ወደ አፈሩ አስጠጋ። ቁጥሩ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ላይ ደርሶ ቀይ ሆነ፤ ከወሰኑ አለፈ።

«ይሄ ጨፌ ነበር» አለች ፀዳለ። «ልጅ ሆኜ ሣሩ ከራሴ በላይ ነበር። በሬ ለግጦሽ ይለቀቅበት ነበር። ከመተከሉ በፊት ውሃውን አፈሰሱት።»

አንዋር እጁን ጥቁሩ አፈር ላይ እንዳደረገ ነበር። አፈር ይባል እንጂ አፈር አይደለም፤ በውሃ ሥር ሳይበሰብስ የተከማቸ የሺህ ዓመታት ሣር ነው። ውሃው ሲሄድ አየር አገኘው፤ አየር ሲያገኘው መተንፈስ ጀመረ። የአምባው ማማ የቆመው ከዛፎቹ በላይ ስድሳ ሜትር ላይ ነው፤ የሚያየው የቅጠሉን ትንፋሽ ብቻ ነው። የአፈሩ ትንፋሽ ግን ቀዝቅዞ፣ ከብዶ፣ በቦዮቹ ተንሸራቶ ወደ ሾቃ ይወርዳል፤ አፈሩ በደረቀ መጠንም በየዓመቱ በዝቷል።

«ይህን ከጻፍኩ» አለ አንዋር ከቦዩ ሳይወጣ፣ «ሸለቆው ይተርፋል። አምባው ግን ለቃቂ ይባልና ይነሣል። ካልጻፍኩ…»

«ለዛሬ አይጻፉት» አለች። «ለአንድ ቀን ብቻ። ወንድሜ ነው።»

አቶ ወልደሰንበትን በግቢያቸው የተቀቀለ ጎደሬ እየላጡ አገኘቻቸው። ስድሳ አንድ ዓመታቸው ነው፤ እጃቸው ሰፊ፣ ጀርባቸው የጎበጠ።

«ፀዱ! በጠዋት? ደህና ነሽ? ሰው ሞተ?»

«ማንም አልሞተም፣ ወንድም ጋሼ።»

ተቀምጣ የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው። ድሩን፣ ጉሙን፣ ቁጥሩን። አላቋረጧትም። ስትጨርስ የያዙትን ጎደሬ ሳህኑ ላይ መለሱት።

«ሬዲዮው በየዓመቱ ሳቢ ይለናል።»

«ዛፎቹ ይስባሉ። አፈሩ ነው የሚለቀው።»

«ስድስት መቶ አርባ አባወራ ነው፣ ፀዱ። ከቆላው ሙቀት ሸሽተው የመጡ ናቸው። ልጁን መንገድ ላይ ቀብሮ የመጣ አለ። እኔ ነኝ የተቀበልኳቸው። ቦዩን አብረን ነው የቆፈርነው። እነሱን ልታስነሺ መጣሽ?»

«እኛን ሊያስነሡን ሲሉስ? ሬዲዮውን አልሰማህም?»

አቶ ወልደሰንበት ወደ መሬት አዩ። «ሰምቻለሁ» አሉ። «ሦስቱንም ዓመት ሰምቻለሁ። ዝም ብያለሁ።»

 ተነሥተው አካፋቸውን ከግድግዳው አነሱና «አሳዪኝ» አሏት።

ቦዩ ውስጥ አንዋር እንደቆየ ነበር። ተነሥቶ ሰላምታ ሰጠ። አቶ ወልደሰንበት የቦዩን ወለል መቆፈር ጀመሩ። አንድ ክንድ። ሁለት ክንድ። ውሃ ማንጠብጠብ ሲጀምር አካፋውን ጥለው በእጃቸው ቀጠሉ። ከጥቁሩ ውስጥ አንድ የሣር አገዳ መዝዘው አወጡ።

ቢጫና አረንጓዴ ነበር። አንጓዎቹ ደህና ናቸው፤ በቅጠሉ ላይ ያሉት ቀጫጭን መስመሮች ይቆጠራሉ። ዛሬ ጠዋት የተነቀለ ይመስላል።

«ይሄ ስንት ዘመኑ ነው?» አሉ።

አንዋር ጥልቀቱን በዓይኑ ለካ። «አራት ሺህ ዓመት ይሆነዋል፣ ጋሽ ወልደሰንበት። ሊበልጥም ይችላል።»

ሦስቱም እያዩት፣ አገዳው በአቶ ወልደሰንበት መዳፍ ላይ መጥቆር ጀመረ። መጀመሪያ ጫፉ፣ ከዚያ አንጓዎቹ። አረንጓዴው ወደ ቡናማ፣ ቡናማው ወደ ጥቁር ተለወጠ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። አራት ሺህ ዓመት በጨለማ የጠበቀውን ቀለም በአምስት ደቂቃ ብርሃን አጣው። ማንም አልነካውም፤ የነካው አየር ብቻ ነው።

አቶ ወልደሰንበት መዳፋቸውን ከደኑት። «ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ይሄን ነው ያደረግነው?» አሉ። እስኪመልሱላቸው አልጠበቁም። «ውሃው ቢመለስ ይቆማል?»

«የቀረው ይቆማል» አለ አንዋር። «ዛፎቹ ግን ይሞታሉ።»

«ሕጉ ምን ይላል? ቦታው ራሱን ካረመ?»

«ምንም አይልም። ሕጉን የጻፉት ሰዎች ይህን አላሰቡትም።»

በዚያው ከሰዓት አቶ ወልደሰንበት የአምባውን ሰው ሰበሰቡ። ቃል አልገቡላቸውም፤ «ልንነሣ እንችላለን፣ ላንነሣም እንችላለን» ነው ያሏቸው። ጩኸት ነበር። አንዲት የአራት ልጆች እናት ተነሥታ ፀዳለን «አንቺ የማማ ሴትዮ፣ ቤታችንን በክር ልታፈርሺው መጣሽ?» አለቻት። ፀዳለ ቆማ ሰማቻት። አቶ ወልደሰንበት ግን ሌላ ሳይጨምሩ ወደ መጀመሪያው ቦይ ሄደው አፈር መመለስ ጀመሩ። ለጥቂት ጊዜ ብቻቸውን ነበሩ። ከዚያ አብረዋቸው ከቆፈሩት ሰዎች አንዱ ወረደ። ምሽት ሳይሆን ሃምሳ ሆኑ። በማግስቱ ከሸለቆው ሰው ወጣ፤ ሁለት መቶ አባወራ አካፋውን ይዞ።

ቦዮቹን ለመድፈን አሥራ ዘጠኝ ቀን ፈጀ። መስከረም አልቆ ጥቅምት ገብቶ ነበር፤ የዘገየ ዝናብ ረዳቸው። ውሃው መጀመሪያ በዛፎቹ ሥር አበራ፤ ከዚያ ከመስመር ወደ መስመር ተሻገረ። አንዋር በየጠዋቱ ይለካል፣ ያየውን ሁሉ ሳይቀንስ ሳይጨምር ለማዕከሉ ይልካል። መልስ አልመጣም።

በሠላሳኛው ቀን ደን ቆራጭ ማሽኖች መጡ። አሥራ አራት ናቸው፤ በሸለቆው አፍ በሰልፍ ቆሙ። ሾፌር የላቸውም። የጸጥታ ሰዓት ስለነበር ሞተራቸውን አጥፍተው እንደ ማንም ነዋሪ እስከ አንድ ሰዓት ጠበቁ። ፀዳለ ማማው ላይ ነበረች። በዚያ ጠዋት ከታች ያሉት ክሮች አሁንም ወደ ወንዙ አጋድለዋል፤ ጉሙም ወርዷል። ቁጥሩ ግን ዘጠኝ መቶ አሥር አልነበረም፤ ስድስት መቶ ሰባ ነበር። አንዋር ከታች ሆኖ ጮኾ ነገራት፤ በጸጥታ ሰዓት መጮህ ክልክል መሆኑን ረስቶት ነበር።

አንድ ሰዓት ሲሆን ሬዲዮው ተከፈተ። አንባቢዋ ከሰሜን ጀመረች። ሾቃ ላይ ስትደርስ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምጿ ተያዘ፤ የተጻፈላት ቃል አዲስ ስለነበር። «ሾቃ…» አለች፤ «ሾቃ፣ በማጣራት ላይ።» ማሽኖቹ እስከ ቀትር ቆመው ቆዩ። ከዚያ ከፊተኛው ጀምሮ አንድ በአንድ ዞረው ሄዱ።

የሆነው ሁሉ መልካም አልነበረም። አምባው አልተነሣም፤ ነገር ግን ዛፎቹ በቁማቸው ሞቱ፣ ሁለት መቶ አሥር አባወራም በራሱ ፈቃድ ሌላ አገር ሄደ። ያቺ የአራት ልጆች እናት ከሄዱት አንዷ ናት። አቶ ወልደሰንበት ከኃላፊነታቸው ተነሡ፤ ሥዕሉም ከመጻሕፍቱ ወጣ። አንዋር ማዕከሉ ሲፈቅድለት ቀመሩን ቁልቁል የሚፈሰውን ትንፋሽ ጨምሮ እንደገና አሠራው፤ በአገሪቱ ላሉ ሸለቆዎች በሙሉ። የማዕከሉ ኮምፒውተር አሥራ አንድ ቀን ሲያሰላ ቆየ። ውጤቱን ለፀዳለ በስልክ ነገራት። በስህተት ለቃቂ የተባሉ ሰባ ሦስት ሸለቆዎች ተገኝተዋል።

«ስንቱ ታድሷል?» አለችው።

 «አሥራ አንዱ» አላት።

በሦስተኛው ዓመት ኅዳር ላይ ፀዳለ ወንድሟን ለመጠየቅ ወደ አምባው ወጣች። ጨፌው ተመልሷል። የሞቱት ዛፎች ነጭ ሆነው በውሃው መካከል ቆመዋል፤ ከሥራቸው ሣር በቅሏል፣ ከወገብ በላይ። አቶ ወልደሰንበት ከደንገል የሠሩት ታንኳ መሳይ ነገር ነበራቸው፤ ይዘዋት ወደ መሐል ገቡ። ቀትር ነው። ሰማዩ እንዳለ ውሃው ላይ ነበር። መቅዘፋቸውን ሲያቆሙ፣ ከታንኳው አጠገብ አንድ አረፋ ከሥር ወጥቶ ፈነዳ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ትንሽ ራቅ ብሎ ብዙ ሆነው ባንዴ ወጡ፤ ውሃው የሚፈላ ይመስል ነበር፣ ግን ቀዝቃዛ ነው።

«ይሄስ ምንድን ነው?» አሉ አቶ ወልደሰንበት።

ፀዳለ እጇን ውሃው ላይ ዘረጋች። አረፋው መዳፏ ሥር ወጥቶ ተሰበረ። «ሌላ ትንፋሽ ነው» አለች። «አንዋር ነግሮኛል። እኛ ከለካነው ዓይነት አይደለም። ጨፌ ሲመለስ ለጥቂት ዓመታት እንዲህ ያደርጋል፤ ከዚያ ይረጋል ብለው ይገምታሉ።»

«ቀመሩ ውስጥ ገብቷል?»

«ገና።»

አቶ ወልደሰንበት መቅዘፊያውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ዙሪያቸውን ሁሉ፣ እስከ አፋፉ ድረስ፣ አረፋው እዚህም እዚያም ይወጣል። ፀዳለ በሆዷ ተኝታ ፊቷን ወደ ውሃው አስጠጋች፤ በከንፈሯ መቁጠር ጀመረች። ወንድሟም ትንሽ ካዩዋት በኋላ በሌላው ወገን ጎንበስ አሉና ከራሳቸው በኩል ያለውን መቁጠር ያዙ።